የሰማይ ራጅ፦ ከአሥመራ ደጋ እስከ ፐርሲየስ

ራጅ የሚለው ቃል በአማርኛ ቤት ውስጥ ከሰነበቱት የጣልያን እንግዶች አንዱ ነው። ጣልያኖች ጨረሮችን «ራጂ» ይላሉ። የእኛ ሰው ቃሉን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተረከበና ጨረሩንም፣ ፎቶግራፉንም፣ የሚነሣበትንም ክፍል በአንድ ስም ጠራው። «ራጅ ተነሣሁ» ይላል በሽተኛው፤ «ራጁ ምን አለ?» ይላል አስታማሚው። ጣልያን ትቶልን ስለ ሄደው ነገር ስንጽፍ ከመርዝ ጋዙና ከየካቲት 12 እንጀምራለን፤ መጀመርም የሚገባን ከዚያ ነው። እኔ እዚህ የማነሣው ግን የሮማ መንግሥት ያላቀደውን፣ እኛም እስከ ዛሬ የእኛ ነው ብለን ያልቆጠርነውን ሌላ ታሪክ ነው። የሰው ልጅ ሰማይን በራጅ ማየት እንዴት እንደ ጀመረና በዚያ ራጅ ምን እንዳገኘ የሚተርከው ይህ ታሪክ፣ ከአንድም ሦስት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አልፏል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የጠቀስሁት ሲኖር እዚያው እናገራለሁ።

ሮንትገን አዲሱን ጨረር ያገኘው በኖቬምበር 1895 ነው። ዜናው ዓለምን ያዳረሰው በጃንዋሪ 1896፣ ማለት ከዓድዋ ጦርነት ሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ነበር። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣልያን ጦር ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ከሐበሻው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ራጅ አንሥቶ በክንዳቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት ፈለገ። በሕክምና ታሪክ ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። እኛ ስለ ዓድዋ ብዙ እንናገራለን፤ የእኛ ሰው የተኮሳት ጥይት በዓለም የመጀመሪያዎቹ ወታደራዊ ራጆች ላይ ጥላዋን ጥላ እንደ ቀረች ግን ሲነገር አልሰማሁም።

ሁለተኛው ምዕራፍ አሥመራ ላይ ነው። ብሩኖ ሮሲ በ1905 ቬኒስ ውስጥ የተወለደ፣ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ገና በወጣትነቱ ፕሮፌሰር የሆነ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በዘመኑ ትልቁ እንቆቅልሽ ከኅዋ ወደ ምድር ያለማቋረጥ የሚዘንበው የኮስሚክ ጨረር ምንነት ነበር፤ እንደ ብርሃን ያለ ነገር ነው ወይስ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች? ሮሲ በ1930 አንድ ብልሃት አሰበ። ቅንጣቶቹ ሙል ካላቸው የምድር መግነጢስ ያጎብጣቸዋል፤ አዎንታዊ ሙል ካላቸው ደግሞ ከምዕራብ የሚመጡት ከምሥራቅ ከሚመጡት መብለጥ አለባቸው። ይህን ለመለካት ለምድር ወገብ የቀረበና ከፍ ያለ ቦታ ያስፈልጋል፤ ለጣልያን ሳይንቲስት በእጁ የነበረው ቦታ በመንግሥቱ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው አሥመራ ነበረች። በ1933 መሣሪያውን ይዞ ወደዚያ ሄደ፤ ለካ፤ እንደ ገመተውም የምዕራቡ በለጠ። አሜሪካውያን ግን ተመሳሳዩን ውጤት በሜክሲኮ አግኝተው ጥቂት ቀደም ብለው አሳትመውት ነበርና የመጀመሪያነቱ ክብር አመለጠው። ሆኖም ሮሲ አሥመራ ላይ ሌላም ነገር ታዝቧል፤ ተራርቀው የተቀመጡት መቁጠሪያዎች አንዳንድ ጊዜ በአንድነት ይመቱ ነበር። ቅንጣቶች በሰፊ ቦታ ላይ እንደ ዝናብ በአንድ ጊዜ የሚወርዱበትን ይህን ክስተት ሌሎች ከዓመታት በኋላ በሰፊው አጥንተውታል።

በዚያው በ1933 ፍሪትስ ዝቪኪ የተባለ በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረ ስዊሳዊ በኮማ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ የሚገኙትን የተሰባሰቡ ጋላክሲዎች መርምሮ፣ በሚታየው ቁስ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ተበታትነው በጠፉ ነበር ሲል ጻፈ። አንድ የማይታይ ነገር አስሮ ይዟቸዋል ማለቱ ነው። ይህን እዚህ የማነሣው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሮሲ አሥመራ ላይ በቆመ በሁለት ዓመት ያ መንግሥት ኢትዮጵያን ወረረ፤ በአምስት ዓመት ደግሞ ሮሲን ራሱን አባረረው። በ1938 በወጣው የፋሽስት የዘር ሕግ ምክንያት ከይሁዲ ቤተሰብ የተወለደው ፕሮፌሰር ወንበሩን ተነጠቀ፤ በኮፐንሃገንና በማንቸስተር በኩል አሜሪካ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ትልቅ የኮስሚክ ጨረር ምርምር ቡድን አቋቋመ፤ በ1993 እስኪሞትም በዚያው አገር ኖረ። ሙያውን በሁለተኛ አገር እንደ አዲስ የጀመረ ሰው ሁሉ የሮሲን ሕይወት ሲያነብ አንድ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ተማሪን ማፍራት የማያውቅ መንግሥት ተማሪን መበተን ያውቅበታል፤ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ጣልያን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም።

በ1959 ሮሲ በጄኖዋ ለተወለደው ለወጣቱ ሪካርዶ ጃኮኒ ኅዋን በራጅ ማየት ሊሞከር የሚገባው ነገር እንደ ሆነ ነገረው። ሐሳቡ ለብዙዎች ከንቱ ይመስል ነበር። ራጅ በሰው ሥጋ ውስጥ ያልፋል እንጂ የምድርን አየር ዘልቆ አያልፍም፤ ይህ ባይሆን ኖሮ እኛም በሕይወት ባልኖርን። ስለዚህ መሣሪያው በሮኬት ከአየር በላይ መውጣት ነበረበት፤ ሮኬቱም ከላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከፀሐይ በቀር ከማንኛውም ኮከብ ሊለካ የሚችል ራጅ ይመጣል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። የጃኮኒ ቡድን ጁን 18 ቀን 1962 ከኒው ሜክሲኮ ምድረ በዳ የተኮሰው ሮኬት ዓላማ ነው ተብሎ የተመዘገበው ከጨረቃ የሚንጸባረቅ ራጅ ፍለጋ ነበር። ያገኙት ግን በስኮርፒዮን ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ እጅግ የበራ አንድ ምንጭና ከየአቅጣጫው የሚመጣ ደብዛዛ ጨረር ነው። ጃኮኒ ለዚህና ከዚህ ለተከተለው ሥራው በ2002 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ፤ በ2018 አረፈ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ወደ እኛ ሠፈር ይመለሳል። በኬንያ፣ ከማሊንዲ ከተማ ፊት ለፊት ባለው ባሕር ውስጥ፣ በብረት እግሮች የቆመ የሮኬት መተኮሻ መድረክ ነበር። ስሙ ሳን ማርኮ ነው፤ ያቋቋመው ሉዊጂ ብሮሊዮ የተባለ የጣልያን መሐንዲስና የአየር ኃይል ሰው ነው። ቦታው ለምድር ወገብ በመቅረቡ የምድር ሽክርክሪት ለሮኬቱ ፍጥነት ይጨምርለታል፤ በምድር ወገብ ዙሪያ የሚዞር ሳተላይትም የራጅ መሣሪያን ከሚረብሸው ምድርን ከከበበው የጨረር ቀጠና ብዙ ይድናል። ዲሴምበር 12 ቀን 1970 (በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.) በአሜሪካ ሮኬት፣ ከጣልያን መድረክ፣ ከአፍሪካ ባሕር፣ ለራጅ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ወጣች። ዕለቱ ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ነበርና የሥራው ኃላፊ የነበረችው አሜሪካዊቷ መሐንዲስ ማርጆሪ ታውንሰንድ ሳተላይቷን «ኡሁሩ» ብላ ሰየመቻት፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው።

ስያሜው ጨዋነት ነው፤ ከስያሜ የሚያልፍ ነገር ግን ለኬንያውያን እንዳልተረፋቸው አምናለሁ። መድረኩ በባሕራቸው ቆመ፤ መረጃው ወደ ማሳቹሴትስ ሄደ። ያም ሆኖ በአንድ አፍሪካዊ ቋንቋ የተጠራች ይህች ሳተላይት በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ሥራዋ ሰማይን በሙሉ አሰሰች፤ የመጨረሻው ዝርዝሯ 339 የራጅ ምንጮችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልጉን ነጠላ ከዋክብት አይደሉም፤ የጋላክሲ ክምችቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። እኛ የምንኖርበት ፍኖተ ሐሊብ አንድ ጋላክሲ ነው፤ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት አሉበት። ጋላክሲዎች ደግሞ በመቶና በሺህ እየሆኑ ይሰበሰባሉ። በእነዚህ ክምችቶች እምብርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግዙፍ ጋላክሲ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ይረጫል። በሲግነስ አቅጣጫ የሚገኘው ብርቱ የራዲዮ ምንጭ በ1946 በእንግሊዞች ተስተዋለ፤ በ1954 ባዴና ሚንኮቭስኪ ከአንድ ሩቅ ጋላክሲ የሚመጣ መሆኑን አሳወቁ። በቨርጎ አቅጣጫ ያለው ኤም 87 የተባለው ጋላክሲ ደግሞ ከመሐሉ የሚወጣ ቀጥ ያለ የብርሃን ዘንግ እንዳለው ሂበር ከርቲስ በ1918 መዝግቦ ነበር፤ ምን እንደ ሆነ ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ያ ዘንግ በጋላክሲው ማዕከል ካለ ጥቁር ቀዳዳ አጠገብ በብርሃን ፍጥነት ገደማ የሚወረወር ፍንጥቅ ነው። ጥቁር ቀዳዳው የፀሐያችንን ክብደት 6.5 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይመዝናል፤ ጥላው በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል ታይቷል። ፍንጥቁ ከጋላክሲው ወጥቶ ግራና ቀኝ እንደ ሳንባ ሁለት ግዙፍ የራዲዮ ፊኛዎች ይነፋል። ራዲዮ ጋላክሲ የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ከኡሁሩ በፊት በሮኬት የተላኩ መሣሪያዎች ከኤም 87ና ከፐርሲየስ አቅጣጫ ራጅ ለቅመው ነበር። ኡሁሩ የጨመረችው ትልቅ ነገር፣ ራጁ ከአንድ ነጥብ ሳይሆን መላውን ክምችት ከሸፈነ ስፋት የሚመጣ መሆኑን ማሳየቷ ነው። ስፋቱ በሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚለካ ነው። በጋላክሲዎች መካከል ያለው፣ ባዶ ይመስለን የነበረው ቦታ ያበራል ማለት ነው።

ምን ያበራዋል? ሁለት ወገን ተነሣ። አንደኛው ወገን ከራዲዮ ጋላክሲዎች የወጡት ፈጣን ኤሌክትሮኖች በኅዋ ከሞላው ደካማ ጨረር ጋር ሲጋጩ ራጅ ይፈጥራሉ አለ። ሁለተኛው፣ የለም፣ ክምችቱ በጋለ ጋዝ የተሞላ ነው አለ። የጋለ ጋዝ ራጅ የሚሰጥበት መንገድ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። በሆስፒታላችን የራጅ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በኃይል ተወርውረው ከተንግስተን ብረት ጋር ሲጋጩ በድንገት ይገታሉ፤ የተገታው ጉልበት ራጅ ሆኖ ይወጣል። በጋለ ጋዝ ውስጥ ደግሞ በሙቀት የሚበርሩ ኤሌክትሮኖች በአተሞች እምብርት አጠገብ ሲያልፉ ይታጠፋሉ፤ በመታጠፋቸውም ያጡት ጉልበት ራጅ ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሰማዩ ቱቦ ስፋት ሚሊዮኖች የብርሃን ዓመት፣ ኤሌክትሪኩም የራሱ ሙቀት መሆኑ ነው።

ክርክሩን የፈታችው ሳተላይትም ከዚያው ከማሊንዲ ባሕር ነው የወጣችው። አሪየል 5 የተባለችው የእንግሊዞች ሳተላይት ከሳን ማርኮ የተተኮሰችው ኦክቶበር 15 ቀን 1974፣ በእኛ ጥቅምት 5 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን ያለ ምክንያት አልጻፍሁትም። ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ከወጡ 33 ቀን ሆኖት ነበር፤ ስልሳዎቹ ሊረሸኑ ደግሞ አርባ ቀን አልሞላም። አገራችን ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳ በራሷ እሳት በምትቃጠልበት ወራት፣ ከደቡብ ጎረቤታችን ባሕር የተነሣች መሣሪያ በፐርሲየስ ክምችት ውስጥ ብረት ልታገኝ ጉዞ ጀምራ ነበር። እኔና የዕድሜ እኩዮቼ በዚያ ዘመን ሰማይ ስናይ የምንጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

ብረት አልሁ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራጅ ውስጥ የራሱ ማኅተም አለው። በ1976 የአሪየል 5 ተመራማሪዎች ከፐርሲየስ በሚመጣው ራጅ ውስጥ እጅግ የጋለ ብረት ብቻ የሚሰጠውን ማኅተም አነበቡ። ይህ የኤሌክትሮን ግጭት ወገንን ክርክር ዘጋው፤ የሚያበራው ጋዝ ነው፣ ጋዙም ከ10 እስከ 100 ሚሊዮን ዲግሪ የጋለ ነው። በፀሐያችን እምብርት ያለው ሙቀት 15 ሚሊዮን ያህል መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። ነገር ግን ጋዙ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከሺህ እስከ መቶ ሺህ ቅንጣት ብቻ ያለው፣ በላቦራቶሪ ከምንሠራው ባዶነት ሁሉ የሳሳ ነው። ብረቱ ደግሞ ሌላ ምስጢር ይዟል። ብረት የሚሠራው በከዋክብት ሆድ ውስጥና በፍንዳታቸው ነው፤ ስለዚህ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ይህ ጋዝ፣ ቢያንስ ከፊሉ፣ አንድ ጊዜ በከዋክብት ውስጥ አልፎ የተተፋ ነው። በሄሞግሎቢናችን ውስጥ ያለው ብረትም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ክብደቱስ? የጋለው ጋዝ በክምችቱ ውስጥ ካሉ ከዋክብት ሁሉ በድምሩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከዋክብቱ ከጠቅላላው ጥቂት እጅ በመቶ ሲሆኑ፣ ጋዙ 15 እጅ በመቶ ያህል ነው። የቀረው ዝቪኪ በ1933 የጠረጠረው የማይታይ ቁስ ነው። ስለዚህ በቴሌስኮፕ የሚታዩት ያማሩ ጋላክሲዎች በቁርበት ላይ እንደ ተበተኑ ጥቂት ፍሬዎች ናቸው፤ ቁርበቱን ያሳየን ራጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚጥመኝ ነው፤ ስለ አንድ በሽታ የሚነገር ይመስላልና። የሚያበራ ነገር ይቀዘቅዛል። ራጅ የሚረጭ ጋዝም ሙቀቱን እያጣ ነው። በክምችቱ ዳርቻ ጋዙ ስለሚሳሳ መቀዝቀዣው ጊዜ ከዓለም ዕድሜ ይረዝማል፤ በእምብርቱ ግን ጥቅጥቅ ስለሚል አንድ ቢሊዮን ዓመት እንኳ አይወስድበትም። በ1977 የካምብሪጁ አንድሩ ፋቢያን ከፖል ነልሰን ጋር፣ ካዊና ቢኒም በበኩላቸው፣ የዚህን ውጤት አሰሉ። የቀዘቀዘው ጋዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ የላይኛው ይጫነዋል፤ ወደ መሐል ይፈስሳል። በአንዳንድ ክምችቶች በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር የፀሐይ ክብደት ያለው ጋዝ ወደ እምብርቱ መውረድ ነበረበት። ይህ የቀዘቀዘ ጋዝ ከዋክብት መሆን አለበት። ከዋክብቱ ግን የሉም፤ ቢኖሩም ከሚጠበቀው ጋር የማይነጻጸር ጥቂት ናቸው።

ሐሳቡ ይህን ጉድለት ተሸክሞ 20 ዓመት ከዚያም በላይ ኖረ። አንዳንዱ የቀዘቀዘው ጋዝ በማይታይ መልክ ተደብቋል አለ፤ አንዳንዱ በጣም ትንንሽ ከዋክብት ሆኗል አለ። እኛ ሐኪሞችም እንዲህ እናደርጋለን፤ ምርመራው ከምናምንበት በሽታ ጋር አልስማማ ሲል ስለ በሽታው ከመጠራጠር በፊት ላቦራቶሪውን እንጠረጥራለን። የጋዙን ጉዳይ የቆረጠው በዲሴምበር 1999 የተተኮሰችው የአውሮፓውያኑ ኤክስኤምኤም ኒውተን ናት። በ2001 የታተሙት ዝርዝር የራጅ ንባቦቿ እንዳሳዩት፣ ጋዙ ከዳርቻው ሙቀት እስከ ግማሽ፣ ግፋ ቢል እስከ ሲሶ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች የወረደ ጋዝ ማኅተም ግን በሚጠበቀው ብዛት አልተገኘም። ጋዙ ሙቀቱን እያጣ ነው፤ ሆኖም አይበርድም። አንድ ነገር ያሞቀዋል።

የሚያሞቀውን ያሳየችው በጁላይ 1999 በኮሎምቢያ መንኮራኩር የወጣችው ቻንድራ ናት፤ ያንን በረራ ያዘዘችው አይሊን ኮሊንስም የጠፈር መንኮራኩር አዛዥ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ቻንድራ ፐርሲየስን፣ ሃይድራ ኤን፣ ሌሎችንም ስታነሣ በእምብርታቸው አጠገብ ጥንድ ጥንድ ጨለማ ዋሻዎች ታዩ። በፐርሲየስ ያሉትን ሮሳት የተባለችው የጀርመን ሳተላይት በ1993 በታተመ ምስል አስቀድማ አሳይታ ነበር፤ ቻንድራ ግን ጠርዛቸውን ሳይቀር ለየች። የራዲዮውን ካርታ በራጁ ላይ ሲያነጥፉት የራዲዮ ፊኛዎቹ ልክ በዋሻዎቹ ውስጥ ተቀመጡ። ጥቁር ቀዳዳው የሚነፋቸው ፊኛዎች የጋለውን ጋዝ ገፍተው ቦታ ለቅቋል ማለት ነው።

በሳንባ ነቀርሳ የተበላ ሳንባ ራጅ ያየ ሁሉ እንዲህ ያለውን ዋሻ ያውቀዋል። ልዩነቱን ግን መሳት አይገባም። የሆስፒታሉ ራጅ ጥላ ነው፤ ጨረሩ ከውጭ ይመጣል፣ አካሉ ይጋርደዋል፣ ፊልሙ ላይ የምናነብበው የተጋረደውን ነው። በሰማይ ጨረሩን የሚሰጠው ራሱ በሽተኛው ነው፤ ዋሻው የጨለመው የሚያበራው ጋዝ ከዚያ ስለ ተባረረ ነው።

የዋሻው ጥቅም መታየቱ ብቻ አይደለም፤ ጉልበት ያስለካል። የልብን ሥራ የምናሰላው ግፊቱን በምትገፋው ደም መጠን አባዝተን ነው። ተመራማሪዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የጋዙን ግፊት ከራጁ አነበቡ፤ የዋሻውን ስፋት ለኩ፤ አባዙ። የተገኘው ጉልበት በብዙ ክምችቶች በራጅ ከሚጠፋው ሙቀት ጋር የሚመጣጠን ሆነ። ከሁሉ የገነነው በ2005 ብራያን ማክናማራና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው፤ 2.6 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በሚርቅ ክምችት ውስጥ እያንዳንዱ ዋሻ ወደ 650,000 የብርሃን ዓመት ይሰፋል። ይህን ለመንፋት ጥቁር ቀዳዳው በመቶ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ 300 ሚሊዮን ፀሐይ የሚያህል ቁስ ሳይውጥ አልቀረም።

እንግዲህ ሥርዓቱ በሰውነታችን ካለው ጋር ይመሳሰላል። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ የአንጎል ሥር ዕጢ ያዝዛል፤ ሲበዛ ዝም ይላል። በክምችቱም ጋዙ ሲቀዘቅዝ ጥቂቱ ወደ ጥቁር ቀዳዳው ይወርዳል፤ ቀዳዳው በልቶ ፍንጥቅ ይወረውራል፤ ፍንጥቁ ጋዙን ያሞቃል፤ ጋዙ ሲሞቅ ምግቡ ይቋረጣል፤ ቀዳዳው ያርፋል። የሚያስደንቀው የመጠኑ ልዩነት ነው። ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ቀዳዳ በሥርዓተ ፀሐያችን ልክ ነው፤ የሚያሞቀው አካባቢ በመቶ ሺህ በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ይሰፋል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ምድጃ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለውን አገር አለማብዛት አለማሳነስ ታሞቃለች እንደ ማለት ነው።

ፋቢያን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ እወድለታለሁ። የሚፈስሰውን ጋዝ ሐሳብ ካቀረቡት አንዱ እርሱ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ተሟገተለት። በቻንድራ የፐርሲየስን ዋሻዎችና ሞገዶች በጥልቀት ያነሣው፣ ያንን ሐሳብ ያሻሻለው መረጃም በብዛት የወጣው ከእርሱ እጅ ነው። ቡድኑ በ2003 ባወጣው ምስል ከዋሻዎቹ ወደ ውጭ የሚሄዱ ክብ ክብ ሞገዶች ይታያሉ፤ በኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወድቅ እንደሚሆነው። በጋዝ ውስጥ የሚሄድ ሞገድ ድምፅ ነው። ከአንዱ ማዕበል እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 35,000 የብርሃን ዓመት፣ ጊዜውም 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በፒያኖ ከመካከለኛው ዶ 57 ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሆናል፤ ሰው ሊሰማው የሚችል አይደለም። በ2022 ናሳ ወደ ጆሮአችን ልክ ከፍ አድርጎ አሰምቶታል፤ የመቃብር ቤት ነፋስ ይመስላል፤ እኔ ባይከፈት እመርጥ ነበር።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ብል አንባቢ ይታገሠኛል። ፐርሲየስ በግሪኮች ተረት ከባሕር አውሬ ያዳናትን ልዕልት ያገባ ጀግና ነው። ልዕልቷ አንድሮሜዳ፣ አባቷ ኬፌዎስ፣ እናቷ ካሲዮፔያ፣ ሁሉም በሰማይ በፐርሲየስ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ኬፌዎስም የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር ይላሉ። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ዛሬ በካርታ ላይ ያለችው አገር ናት ብሎ መከራከር ጤና አይደለም። ነገር ግን በዓለም ላይ እጅግ የተጠናው የጋለ ጋዝ የሚገኘው በኢትዮጵያ ንጉሥ አማች ስም በሚጠራ ሰማይ ውስጥ ነው፤ ይህን ያህል መናገር አይከለከልም።

የቀረው ጥያቄ ጉልበቱ እንዴት ይዳረሳል የሚለው ነው። ፍንጥቁ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይወረወራል፤ ጋዙ ግን በየአቅጣጫው እኩል ይሞቃል። በድምፅ ሞገድ ነው? በጋዙ መናወጥ ነው? ይህን ለመለካት የጋዙን ፍጥነት ከብረቱ ማኅተም ስፋት ማንበብ ያስፈልጋል። ጃፓኖች ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2016 ለዚሁ የተሠራች ሳተላይት ላኩ፤ ስሟ ሂቶሚ፣ በቋንቋቸው የዓይን ብሌን ማለት ነው። ፐርሲየስን አየች። ማርች 26 ቀን በአቅጣጫ መቆጣጠሪያዋ ጠንቅ ያለ ልክ ተሽከርክራ ተሰባበረች። አምስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው የኖረችው። በዚያች አጭር ዕድሜ የተወችልን ቁጥር በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ነው፤ የፐርሲየስ እምብርት ጋዝ የሚናወጥበት ፍጥነት። ከተገመተው የረጋ ነበር። ጥቁር ቀዳዳ ዋሻ እየቆፈረበት ያለ ጋዝ እንዲህ መርጋቱ ብዙዎችን አስደነቀ። መናወጡ ባለበት ቦታ ወደ ሙቀት ቢለወጥ የጠፋውን ሊተካ ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ፍጥነት ተጉዞ ሩቁን ጋዝ ከመድረሱ በፊት ይደክማል።

ተተኪዋ ክሪዝም በሴፕቴምበር 2023 ወጥታለች። በ2025 በታተመ ጥናት በሴንታውረስ ክምችት እምብርት ጋዙ ከ130 እስከ 310 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ወደ አንድ ወገን ሲፈስስ አግኝታለች፤ በገንቦ ውስጥ እንደሚንገዋለል ጠላ። ክምችቱ በጥንት ጊዜ ከሌላ ክምችት ጋር ተጋጭቶ ገና አልረጋም የሚሉ አሉ፤ እንደ እነርሱ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ንውጽውጽታ የእምብርቱን ጋዝ ከዳርቻው ትኩስ ጋዝ ጋር እያደባለቀ ያሞቃል፤ ጥቁር ቀዳዳውም ብቻውን አይሠራም። ፋቢያንና ወዳጆቹ ደግሞ የድምፁን ሞገድ አልለቀቁም፤ ድምፅ ጋዙን ሳያናውጥ ሩቅ ይሄዳልና። ክሪዝም በፐርሲየስ ላይ ከሂቶሚ የሰፋ ቦታ እየለካች ነው፤ ከማሊንዲ መድረክ ግን ከ1988 ወዲህ ሮኬት አልተነሣም።